ስለ ግብርና ትምህርትና ስለ ኮምፒዩተር፤ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ከመካነ ኢየሱስ፣ እስቴ፣ ደቡብ ጎንደር
ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና የሥርዐተ ትምህርት ባለሙያዎች፤

በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት መሠረት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ግብርናን ራሱን እንደ ቻለ ትምህርት እንዲማሩ፣ ከዚሁም ጋር የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት እንዲሰጣቸው መወሰኑ፣ አብዛኛው ሕዝቡ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ውሎ ለሚገባ አገር ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ በጎ ነገር መሆኑን አስቀድሜ መመስከር ይገባኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ውሳኔውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ተማሪዎች ፊት፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ የሚኖሩ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ በሳምንት አንድ የጋራ ሰዓት ተሰጥቷቸው፣ ተማሪው ከወላጆቹ ማሳ ለክቶና መዝኖ የሚያመጣውን ቁጥር በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር እየመዘገበ ከዓመት ወደ ዓመት ለተከታዮቹ እንዲያስተላልፍ ትፈቅዱና ታዝዙ ዘንድ ለመለመን ነው።

እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ፣ ዛሬም በጡረታ በተወለድሁበት አገር የምኖር ሰው ነኝ። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በአንድ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በርእሰ መምህሩ መልካም ፈቃድ፣ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜያትን ከተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ተከታትዬ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት የኮምፒዩተር መምህሩ፣ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት መሣሪያዎቹ በአቡጀዲ እንደ ተሸፈኑ፣ የኮምፒዩተርን ክፍሎች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ እየጻፈ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ይገለብጡ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት የግብርናው መምህር የሰብል ማፈራረቅን ጥቅሞች እንዲሁ በእንግሊዝኛ ተራ ቁጥር እየሰጠ ሲያጽፍ፣ ከመስኮቱ ማዶ ሰፊው የትምህርት ቤቱ መሬት ሣሩ ታጭዶ የሚሸጥበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ጦሙን አድሮ ይታይ ነበር። መምህራኑ ሁለቱም ትጉሃን ናቸው፤ የታዘዙትን አላጎደሉም። ተማሪዎቹም የሰሙትን ይዘዋል። ዳሩ ግን ማሽኑን የተማረው ልጅ በማሽኑ የሚያሰላው ነገር አልነበረውም፤ እርሻን የተማረው ልጅ ደግሞ የተማረውን የሚመረምርበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ይህም ልጅ አንድና ያው ልጅ ነበር።

የእኛን አገር መልክዐ ምድር ለማያውቅ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ለማስረዳት ያስቸግራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከጉና ተራራ ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ከሚያለብስበት፣ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙ ከማይበቅልበት ምድር ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው፣ የስንዴውንና የባቄላውን ደጋ፣ የጤፉን ወይና ደጋ እያለፈ፣ በስማዳ በኩል ማሽላ ወደሚዘራበት ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ በረሃ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አፈሩ ይለወጣል፤ የዝናቡ አገባብ ይለወጣል፤ የበሽታውና የተባዩ ዐይነት ይለወጣል። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የሚረዱ ብዙ ቤተ ሰቦች የሚገኙባቸው ወረዳዎች ሲሆኑ፣ ርብና ጉማራን የመሰሉ ወንዞች ደግሞ ከዚሁ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ለመላው ኢትዮጵያ የተጻፈ አንድ የግብርና መጽሐፍ፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋጅ፣ በላይ ጋይንትና በስማዳ ቆላ መካከል ያለውን ልዩነት ሊዘረዝር አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ያንን መዘርዘር የሚችለው በየቀበሌው የሚያድረው ተማሪ ራሱ ነው።

ደግሞም ይህ ምድር ለስሌት ባይተዋር አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቅድስት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት መሆናቸውን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም፤ ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የመጣው ደቀ መዝሙር ቀለሙን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ አጥንቶና አስመስክሮ ካልወጣ በቀር መምህር አይባልም። ባሕረ ሐሳብን የተማረውም ወጣት ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ፣ ከቀሪው አንድ አጕድሎ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ አበቅቴውን፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ መጥቅዑን ያወጣል፤ በዚህም የጾሙንና የበዓሉን ቀን ብራና ሳይገልጥ ይናገራል። ይህ ሥርዐት ያለው፣ ከእርምጃ ወደ እርምጃ የሚሄድ ስሌት ነው፤ ዛሬ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፉ ሰዎች የሚያደርጉትም በጠባዩ ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ ስሌት አይገባውም፣ ማሽኑም ከአቅሙ በላይ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ አያቶቹ የኖሩበትን ትምህርት አላየም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ባለፈው የመኸር ጊዜ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት በእንግድነት በተቀመጥሁበት፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የቤቱ ልጅ አንድ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ደብተሩ በማስመሪያ በጥንቃቄ ተሠምሮ፣ በራስጌው «የአባዬ ድንች» የሚል ተጽፎበት፣ ከሥሩ የተተከለበት ቀን፣ የዘሩ ስም፣ የዘሩ ዋጋ፣ በዘር ጊዜና በኩትኳቶ የተከፈለው የቀን ሠራተኛ ሒሳብ፣ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ የታየበት ቀን፣ የሪዶሚል መግዣና የተረጨበት ቀን፣ በመጨረሻም የወጣው ጆንያ ብዛትና በገበያ ያወጣው ዋጋ በየዓምዱ ሰፍሮ ነበር። ማንም አላዘዛትም። የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ስትሠራ ያየችውን አሠማመር ለአባቷ እርሻ ማዋሏ ብቻ ነበር። አባትየው ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ ማንበብ ባይችልም ዓምዶቹን በጣቱ እየተከተለ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከጻፍሽው አይቀር፣ ሁለተኛውን መድኃኒት ባልረጨው ኖሮ ምን ያህል ይጎድልብኝ እንደ ነበር ትነግሪኝ እንደ ሁ?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፣ «አባዬ፣ እሱን እንኳ አላውቅም፤ ያልተረጨ ድንች የለንማ» አለችው።

ክቡራን ሆይ፣ ከዚህ መልስ የበለጠ የሳይንስ መልስ በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ መጠበቅ አይቻልም። አባትየው የጠየቀው በአዴትና በሆለታ ያሉ ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚደክሙበትን ጥያቄ ነው፤ ልጅቱም በአንድ ማሳና በአንድ ዓመት መዝገብ ሊመለስ የማይችል መሆኑን ወዲያው ተረድታለች። ነገር ግን በክፍሏ ካሉት ተማሪዎች ሠላሳው እንዲህ ያለ ደብተር ቢይዙ፣ አንዱ ከጉና ሥር፣ ሌላው ከወይና ደጋው፣ ሌላው ወደ ቆላ ከሚወርደው ቀበሌ ቢመጡ፣ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በወላጆቻቸው ፈቃድ ሁለት መስመር ድንች ሳይረጩ ትተው የወጣውን ለብቻ ቢመዝኑ፣ ለአባትየው የሚሆን መልስ ከዚያ መሰብሰብ ይጀምር ነበር። ሠላሳ ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቶ በዐይን ማመሳከር ለሰው አድካሚ ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሰፍሮ በከፍታ፣ በዘር ዐይነት፣ በተከላ ቀን እየተለየ ይታይ ዘንድ ግን ማንኛውም ያረጀ ኮምፒዩተር፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በኤክሴል ብቻ በደቂቃ የሚሠራው ነገር ነው። ኮምፒዩተር ለግብርና ትምህርት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ የብዙ ሰዎችን ልፋት በአንድ ቦታ ሰብስቦ አንድ ሰው ብቻውን የማያየውን ያሳያልና።

በዚህ ውስጥ ተማሪው የሚማረውን አስቡት። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ መልሱም የተሳሳተ እንደሚሆን ይማራል፤ ስለዚህ ጆንያውን በግምት ከመጻፍ ይልቅ ሚዛን ይፈልጋል። ጎረቤቱ በጥማድ የነገረውን ማሳ በገመድ ለክቶ ወደ ሄክታር ይመልሳል። ጤፍ በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሚፈጀው ዘር በመስመር ሲዘራ ወደ 5 ኪሎ ዝቅ እንዲል የሚመከረው ምክር በአባቱ ማሳ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያተርፍ፣ ለመስመሩ ጉልበት ደግሞ ስንት እንደሚያስወጣ፣ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ ያያል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በትምህርት ቤቱ መሬት መካከል ተክሎ በየማለዳው የተጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ለክቶ ይመዘግባል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውኃ ማለት መሆኑን ሲያሰላ፣ በእርከን የተያዘና በጎርፍ የሄደ ውኃ ልዩነት በቁጥር ይገለጥለታል። ይህ መዝገብ አንድ ዓመት ሲሞላው ብዙም አይናገር ይሆናል፤ አምስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ግን የእስቴ ዝናብ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ከማንኛውም የጠረጴዛ ግምት ይልቅ የታመነ ምስክር ይሆናል፤ ያንንም ምስክር የጻፉት የገበሬ ልጆች ይሆናሉ።

የአፈሩን ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ ይቅርታ አድርጉልኝ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ የሚሆነው የአሲድ ጠባይ ያለው መሆኑ በምርምር ሲነገር ኖሯል፤ ዝናብ የበዛበት የጉና ዙሪያና የፋርጣ ደጋም በዚህ ሕመም ከተያዙት አገሮች አንዱ ነው። የአፈሩ የፒኤች ልክ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው በብድር ገዝቶ የበተነው የማዳበሪያ ፎስፈረስ እህሉ ሳይጠቀምበት በአፈሩ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን እንደ አፈሩ አሲድነት ይለያያል፤ በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር በመሆኑም ከማሳ ወደ ማሳ በትክክል መለካት ይገባዋል። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ወረዳዎችን እየለየ ካርታ አዘጋጅቷል፤ ካርታው ግን ወረዳን እንጂ ማሳን ለይቶ አያሳይም። በርካሽ የሚገኘውን የፒኤች መለኪያ ወረቀት ይዘው፣ እያንዳንዳቸው ከአባታቸው ማሳ አንድ እፍኝ አፈር አምጥተው፣ የተገኘውን ከማሳው አቀማመጥ ጋር በኮምፒዩተር የሚመዘግቡ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከኬሚስትሪ መጽሐፋቸው ስለ አሲድና ቤዝ ያነበቡትን በእጃቸው ይዳስሱታል፤ ወረዳውም ኖራውን ወዴት መላክ እንዳለበት ፍንጭ ያገኛል።

አገራችን ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አላት፤ አዲስ ነገር ፍጠሩ ማለቴ አይደለም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬ ከማንኛውም ስልክ ወደ 8028 ያለ ክፍያ ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ በሽታ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተቀዳ ምክር ያደምጣል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ እንደ ኩብሳ ባሉት የስንዴ ዝርያዎች ላይ ያደረሰውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፣ የዋጉን ብናኝ ነፋስ ወዴት እንደሚወስደው በኮምፒዩተር እያሰላ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትን ሥርዐት ማቋቋሙን በደስታ ይሰማል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ደግሞ ገበሬው የጎረቤቱን ሥራ በራሱ ቋንቋ በአጭር ፊልም ተቀርጾ፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ በግድግዳ ላይ እንዲያይ በክልላችን ሲደክም ቆይቷል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያዘጋጀው አኳክሮፕ የተባለ የነጻ ፕሮግራም ጤፍን ጭምር እንዲያሰላ በአገራችን በተደረገ ጥናት ተስተካክሏል፤ በዚህም ዝናቡ ይህን ያህል ቢሆን ምርቱ ምን ያህል ይሆናል የሚለውን በማሽን መመርመር ይቻላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የአገሩ እውቀት ሆኖ ሳለ፣ የግብርና ተማሪው አንዱንም በክፍሉ ውስጥ ሳያይ ትምህርቱን ይጨርሳል። የ8028ን መልእክት በክፍል ውስጥ ከፍቶ አሰምቶ፣ ምክሩ ለእስቴ ይሠራ እንደ ሆነ ከተማሪው መዝገብ ጋር ማመሳከር ከጠመኔ በቀር ምንም ወጪ የለበትም።

ሥራን ከቀለም ጋር ማጋባትም ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት የተስፋፉት ኮምፕረሄንሲቭ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጋር ግብርናን፣ ንግድን፣ የቤት አያያዝንና የእጅ ሥራን ያስተምሩ ነበር፤ የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅም ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ረዳትነት ተደራጅቶ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. መርቀው ሲከፍቱት፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን ማማከርን አንድ አድርጎ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። በውጭው ዓለምም ቢሆን፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሩፈስ ስቲምሰን የተባለ መምህር በ1908 እ.ኤ.አ. በአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ተማሪው በቤተ ሰቡ መሬት ላይ የራሱን ሥራ ይዞ ወጪና ገቢውን በመዝገብ እየጻፈ፣ መምህሩም ቤቱ ድረስ ሄዶ እያየው እንዲማር ያደረገበት ዘዴ ወደ መላው አገራቸው የእርሻ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። በኋላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ የግብርና መምህራኑ በመጀመሪያ ከሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የተማሪው የእርሻ ሒሳብ መዝገብ ነበር። መዝገቡ ከማሽኑ ቀድሞ ስለ ነበር ማሽኑ ሲመጣ ሥራ አላጣም። የእኛ ተማሪ ደብተሩን በራሱ ፈቃድ ከጀመረ ደግሞ የቀረው ነገር ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ልናስታውሰው የሚገባን የራሳችን ታሪክ አለ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከሉት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና እንግሊዝኛን በሳተላይት እንዲያስተምሩ ታስቦ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰባቸው። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ጥሩ መምህር ያላገኘው የገጠር ልጅም ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር የታሰበ ነበርና። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ሲናገር ተማሪው ቢዘገይ አይጠብቀውም፤ ቢጠይቀውም አይመልስለትም ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል፤ የክፍሉ መምህርም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆኖ ይቀር ነበር። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ተበላሽተው በግድግዳ ላይ መቅረታቸውን በዐይናችን ያየን ሰዎች፣ ኮምፒዩተሩም በዚያ መንገድ እንዳይሄድ የመማጠን ግዴታ አለብን።

ከዚህ ከፍ ያለ ዘመን የሆነ ነገርም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋር ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጥበብ፣ መድፉ በጋይንት ምድር አልፎ እስከ መቅደላ ከተጎተተ በኋላ፣ በጋፋት እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም። ጥበቡ በእንግዶቹ እጅ ሆኖ ቆይቶ ከእነርሱ ጋር ሄደ። ዛሬም በርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ሲበላሽ ጥገናውን፣ ሲሠራ ደግሞ የሚሠራበትን ነገር የሚያውቅ መምህር በየትምህርት ቤቱ ካልተገኘ ከዚያ የተለየ ፍጻሜ አይጠብቀውም።

የሚቀርቡትን መቃወሚያዎች ዐውቃቸዋለሁ፤ ከነዚህም ዋናው መብራት ነው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነመስኮቱ 100 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ላፕቶፕ ግን ከዚያ ሩብ እስከ ግማሽ በሚሆን ኀይል ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያደርሰዋል። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውና በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ኮምፒዩተር ደግሞ በጥቂት ዋት ብቻ እየሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት ለአንድ ክፍል ሙሉ መጻሕፍትንና ፊልሞችን ሊያቀርብ ይችላል። በጠራራው የጋይንት ፀሐይ የሚሞላ አንድ የፀሐይ ኀይል ሳሕን ለእንዲህ ያለው ሥራ ይበቃል። በፊደላችን መጻፍም ቢሆን ችግር መሆኑ ቀርቷል፤ ፍስሐ አጥላውንና አበራ ሞላን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ካስገቡ በኋላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም የፊደል መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የተማሪው መዝገብ በአማርኛ ይሁን፤ አባቱ ሲነበብለት እንዲገባው፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም እንዲጠቀምበት።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጊዜው የሰላም አለመሆኑ ነው፤ ይህን ስጽፍ ልቤ እየከበደኝ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ሕዝቡ ያየውን መከራ አየን፤ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ በክልላችን በሆነውም ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከክፍል ውጭ እንደ ዋለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ባልተከፈተበት ስለ ኮምፒዩተር መናገር የማይገባ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከክፍል የራቀው ልጅ ዛሬ የሚውለው በአባቱ ማሳ ላይ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ የሚመዘግበው ነገር ቢሰጠው፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ባዶ እጁን አይመለስም። ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ እንኳ መዝገቡ መዘግየት አይገባውም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ወጣቶቻችንን ለኮምፒዩተር ቋንቋ ጠርቷቸዋል፤ በስልክም ሆነ በማሽን ሥልጠናውን የጨረሱ ልጆች በወረዳችንም ይኖራሉ። እነዚህ ልጆች የተማሩትን የሚያውሉበት የመጀመሪያ ሥራ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ እስኪመጣላቸው ድረስ ከሚጠብቁ፣ የክፍል ጓደኞቻቸው የመዘገቡትን የዝናብና የምርት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም ቢጽፉ፣ የልፋታቸው ፍሬ በገዛ ቀበሌያቸው ይታያል።

እንግዲህ የምለምነው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም። የ11ኛ ክፍል የግብርናና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው እንዲያስተምሩ በሰዓት ድልድሉ ይፈቀድላቸው፤ ለዚህም ሥራ ለተማሪው ከመደበኛ ምዘናው ውስጥ ነጥብ ይያዝለት፤ ነጥብ ያልተያዘለት ሥራ በፈተና ዘመን እንደሚቀር መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋልና። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው መሬት ጥቂቱ ለመዝገቡ ሥራ ይለይ፤ ከሣር ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ትምህርት ቤቱን እንደሚረዳ ስለማውቅ ሁሉም ይሁን አልልም። የቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች በየጊዜው ወደ ክፍሉ እንዲመጡ ከግብርና ቢሮ ጋር ተስማሙ፤ የአርሶ አደሩ ማሠልጠኛ ማዕከል ሚዛንም ለተማሪዎቹ ይዋሳቸው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንን የሠንጠረዡን አዘገጃጀት ለመምህራኑ በክረምት ሥልጠና እንዲያስተምሩ ጋብዟቸው። ይህን በክልሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀምሩ አልልም፤ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በስማዳ በየአንዳንዱ አንድ ትምህርት ቤት ይመረጥና ሦስት ዓመት ይፈተን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልሠራው ነገርም ከሠራው ጋር በእኩል ታማኝነት ተጽፎ ለቢሯችሁ ይቅረብ።

መዝገቡ የሚጀምርበት ጊዜ ከግንቦት ማለፍ የለበትም፤ በሰኔ መሬቱ ታርሶ ዘሩ መግባት ሲጀምር የመጀመሪያው ዝናብ አስቀድሞ መለካት ይኖርበታልና። ከዚህ አገር መምህራን ዘንድ ሥራውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ አሉ፤ ስማቸውን በሕዝብ ፊት ማውጣት ስለማልፈልግ፣ ቢሮው ሲጠይቀኝ ለብቻው አቀርባለሁ። ጣሳውንና ማስመሪያውን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የእናንተ የፈቃድ ደብዳቤ ከሚያዝያ በፊት ለእስቴ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢደርስ ለዘንድሮው ክረምት ይበቃል።

በታላቅ አክብሮት፤
አንድ የመካነ ኢየሱስ ጡረተኛ መምህር
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.